ቦራ

ጥር ነው። በሀገራችን የሰርግ ወር ነው ጥር፤
እዚህ ግን ባሕሩ ዳር ሰው የለም የሚቆጠር።
ሆቴሉም ርካሽ ነው፣ ዋጋው በግማሽ ወርዶ፤
ማን ይመጣል ብለው በዚህ ብርድ ተገዶ?

እኔና ትርንጎ ከቬሮና መጣን፤
ሻንጣው አንድ ሆኖ፣ ሁለት ቃል ግን አጣን።
አራት ሺህ ዩሮ ነው የጠባችን መነሻ፤
ለወንድሜ ላክሁት፣ ለታክሲው ማደሻ፣
እሷን ሳላማክር። ከዚያን ለት ጀምሮ
«ጨው አቀብለኝ» ሆነ የቤታችን ኑሮ።
ሽማግሌ መጣ፣ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ፤
አልሆነም። በመጨረሻ ባቡር፣ ወደ ትሪየስቴ።

ፉልቪያ ነው ስሟ የሆቴሏ ባለቤት፤
ቁልፉን ሰጥታን አለች፣ «ነገ ዋሉ ከቤት፤
ቦራ እየመጣ ነው፤ መስኮቱን ዝጉት፤
ኮፍያ ያላችሁ ደግሞ በእጃችሁ ያዙት።»

ቦራ? ሣቅሁ በልቤ። እኔ የማውቀው ቦራ
ያጎቴ ፈረስ ነው፣ ልጓም የማይፈራ፤
ጥቁር ገላው መሐል ግንባሩ የነጣ፣
ሲፈልግ የሄደ፣ ሲፈልግ የመጣ።
ይህን ለትርንጎ ልነግራት አፌን ከፈትሁና፣
ጨው አልነበረም እዚያ፤ ዘጋሁት እንደገና።

ያን ማታ ዓሣ በላን፣ እሾሁ የበዛ፤
ሁለት ሰው ለየብቻው በአንድ ጠረጴዛ።
እሾሁን ከሳህኗ ዳር በሰልፍ ደረደረች፤
ቆጠርሁት፤ ሠላሳ አንድ። ምን እያሰበች ነበረች?

ሌሊቱን ቦራ መዝጊያ ሲደበድብ አደረ፤
ጧት ስንወጣ ባሕሩ ሌላ ሰው ሆኖ ነበረ፤
ጥቁር። ማዕበሉ ግን፣ ሺህ ፈረስ በተራ፣
ግንባሩ እየነጣ፤ ሁሉም ቦራ፣ ቦራ።

የትርንጎን ሻሽ ነጠቃት፣ ሰማያዊውን ሐር፣
ከጥሎሿ የተረፈውን። ሄደ ወደ ባሕር።
ሮጥሁ። በአርባ አራት ዓመቴ፣ በጠባብ ጫማዬ፣
ካፖርቴ እንደ ሸራ ተነፍቶ በኋላዬ።
ሻሹ መብራት ግንድ ላይ አንዴ ቆም አለና
እጅ ነሥቶኝ ሄደ። በል ሂድ፣ በደኅና።

ከጥጉ መጠጥ ቤት ሽማግሌ ወጣ፤
ዳርኮ ይባላል፤ የተጠቀለለ ገመድ ይዞ መጣ።
«ድሮ» አለን «በቦራ ቀን፣ እዚህ ጥግ ላይ ነበር
ሰው ይዞት የሚያልፈው ገመድ የሚወጠር፤
አሁን ማንም አይወጥር። እኔ ግን ከልማድ…»
ብሎ ግንዱ ላይ አሰረው ያንን ወፍራም ገመድ።

ያዝሁት። ትርንጎም ያዘች፣ ስድስት ክንድ ራቅ ብላ።
«ይቅርታ» አልሁ። ቃሉን ነፋስ ወሰደው ወደ ሌላ
ወደብ። «ምን?» አለች። «ይቅርታ!» «አይሰማም!» «ይ… ቅር… ታ!»
አንድ ውሻ ጮኸ፤ አንድ መስኮት ተከፈተ ላፍታ።
ዳርኮ ሣቀ። እሷ ገመዱን እጅ በእጅ ተከትላ
መጣች፤ ካፖርቴን ከፈተች፤ ሆንኋት ከለላ።
አራተኛው ሽማግሌ ገመዱን ፈታታና
ወደ ወይኑ ገባ፣ ሳይጠብቅ ምስጋና።

ማታ አልጋው ላይ ሆነን፣ መብራቱን ስናጠፋ፣
«የመጀመሪያውን ሰምቼዋለሁ» አለች፣ ትራሷን አቅፋ።
«ታዲያ ለምን አስጮኽሽኝ?» ዝም። ጉንጬን ዳሰሰች፤
«ጨው ሆነሃል» አለች፤ ጣቷን ቀመሰች።

እሑድ፣ ከባቡሩ መስኮት፣ ባሕሩ ተኝቶ ነበር፤
ፈረሶቹ የት ገቡ? አንድ ነጭ እንኳ አልነበር።
ሞንፋልኮኔ እስክንደርስ ያጎቴን ፈረስ አወራኋት፤
እውነቱን ዝም ብላ ሰማች፤ በውሸቱ አሣቅኋት።
ሻሹ ምናልባት አሁን ቬኒስ ደርሶ ይሆናል።
ወንድሜ አልከፈለም እስካሁን።
                    «ይከፍላል»
ትላለች ትርንጎ።
እኔ ነኝ የማላምነው።