ከስሜ ቀጥሎ

መምህር ጋልፋቶ መዝገቡን ከፍቶ ስም ጥሪ ሲጀምር፣
እኔን አስራ ሰባት፣ እሷን አስራ ስምንት ብሎ ነው የሚቆጥር።
«ዳግማዊት» — «አቤት»፣
«ዳንቺሌ» — «አቤት»፤
ይኸው ነው የቀረን፤ በቀን አንድ ጊዜ
ድምፅና ድምፃችን ሲነካካ በአንድ ወረቀት።
የፊደል ተራ ነው፤ መዝገቡ ምን ያርግ፣ ጥፋት የለበትም፣
ስም የሚደረድር ሰው፣ ማን ከማን እንዳኮረፈ አይጽፍበትም።

ዴስኩ ለሦስት ነው። ድሮ ዳር ነበረች ነጂሃ፣
ዛሬ መሃል ገብታ፣ ማንም ሳይለምናት፣ ሆነችልን ድንበር፣ እንደ ወንዝ ውሃ።
«ላጲስ ስጪኝ» አልልም፤ እጄን ብቻ እዘረጋለሁ፣
ይመጣል ላጲሱ፤ ከማን እንደመጣ ሳላይ አውቃለሁ፦
የጥርስ ምልክት አለው ጫፉ ላይ፤
ፈተና ሲያስጨንቃት እንደምትነክሰው ማን ያውቃል ከእኔ በላይ።

«ምን አጣላችሁ?» ይላሉ፤ ሰው መጠየቅ መች ይታክታል።
«እንዲሁ ነው» እላለሁ። እንዲሁማ ማን ይጣላል?

ከሌሊቱ አስራ አንድ ሰዓት፣ አሞራ ገደል፣ ሐይቁ ገና ጉም እንደለበሰ፣
እናቷ ቆሮሶ ትሰነጥቃለች፤ እሷ ቅርፊት ትፍቃለች፤
አባ ኮዳው ከጎኗ ቆሞ፣ እንደ ቀረጥ ሰብሳቢ፣ አንጀቱን ይጠብቃል።
ከዚያ ዩኒፎርም። ከዚያ ባጃጅ። ባጃጅ ውስጥ እጇን በሎሚ ትፈትጋለች፣
ጥፍሯ ሥር እስኪያቃጥላት።
ይኼን ለእኔ ብቻ ነገረችኝ፤ መዳፏን አፍንጫዬ ሥር አድርጋ፦ «ይሸታል?»
«ምንም» አልኳት።

ከዚያ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ልጆቹ ከሱቁ በር ተሰብስበው ሲስቁ፣
እኔም አማረኝ፤ አንዴ፣ አንዴ እንኳ በእኔ ወሬ እንዲስቁ።
ሎሚውን አወራሁት።
ድምፅዋን አስመስዬ፣ ጣቶቼን እያሻሸሁ አወራሁት።
ሳቁ። እንዴት እንደሳቁ! ሳቃቸው ሞቀኝ፤
እስከ ቤት ድረስ ሞቀኝ።

ሰኞ፣ በምትቀመጥበት ቦታ፣ ግማሽ ሎሚ ጠበቃት፣ የተጨመቀ።
ክፍሉ አፉን በእጁ ይዞ ታፍኖ ሳቀ።
አላለቀሰችም። ከደብተሯ አንድ ገጽ ቀደደች፣
ሎሚውን ጠቀለለች፣ ቦርሳዋ ከተተች።
«ለነገ ይሆነኛል» አለች፣
እኔን እያየች።

ወረቀት ጻፍኩላት፤ በነጂሃ እጅ ላክሁት፤ እንደታጠፈ መጣ።
ሌላ ጀመርኩ፤ እሱን አልላክሁትም፤
ቃሉ ሁሉ ለራሴ ጠበቃ እየቆመ ሲወጣ።
ስለዚህ መኖርን ተማርኩ፦ በየትኛው በር እንደምወጣ፣
ስትስቅ ዓይኔን የት እንደማሳርፍ፤
በመስኮቱ ታቦር ይታያል፤
ተራራ ቢያዩት አያፍር፣ አያሳፍር።

ፊዚክስ ላይ በተራ ቁጥር አጣመሩን፤ አስራ ሰባት ከአስራ ስምንት።
እኔ ስፕሪንጉን ለካሁ፣ እሷ ጻፈች።
«አራት ነጥብ ሁለት።»
«አራት ነጥብ ሁለት» አለች።
«ስድስት... አይ፣ አምስት ነጥብ ዘጠኝ።»
«ወስኚ» አለች።
ሁለት ወር የታመቀ ነገር በሴንቲሜትር ተወራ።

ትናንት ግን ከስሜ ቀጥሎ ዝም አለ።
«ዳንቺሌ! ዳንቺሌ የለችም?»
ቀዩ እስክሪብቶ ተነሣ፣ ከመዝገቡ በላይ ዋለለ።
«አሟታል» አለ አንድ ሰው።
እኔ ነበርኩ ያ ሰው።
መታመሟን በምን አውቄ? ዋሸሁላት።
ያኔ እውነት ተናግሬ ነው የጎዳኋት።

ዛሬ መጣች። ነጂሃ ትንገራት አትንገራት አላውቅም፤
አለፈችኝ፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችኝም።
ሎሚ ሸተተኝ።
«ዳግማዊት» — «አቤት»።
ትንፋሼን ያዝኩ፣
«ዳንቺሌ» እስኪባል፣
«አቤት» እስክትል።