አሥራ ስምንት

ልጄ አሥራ ስምንት ሞልቷት፣ ለውትድርና ስትነሣ፣
አደራ ትታልኝ ሄደች፤ ዓሣ የማይሉት ዓሣ።
እንሽላሊት እንዳልለው፣ ባንገቱ ዙሪያ ላባ አለው፤
መልኩ ያልተጋገረ ሊጥ፣ አፉ ሁልጊዜ ሳቂታ ነው።
«አባዬ» አለችኝ በር ላይ፣ ጓዟን በትከሻዋ አዝላ፣
«ውሃው አሥራ ስምንት ይሁን። ሃያ ካለፈ ግን፣ ኋላ
ላባው ይጠወልግብሃል፣ ይታመማል፣ ምግብ አይበላ።»

ይህን ያለችኝ ቤት ሸዓን ነው።
በሐምሌ።
አርባ ሁለት፣ በጥላ ሥር፤
አስፋልቱ ጫማ ይዞ የሚቀር፣
ድመት መኪና ሥር ገብታ
እንደ ውሻ የምታለከልክበት አገር።

አራት ጠርሙስ ውሃ አለኝ፤ ሁለቱ ፍሪዘር ቤት፣
ሁለቱ ገንዳው ውስጥ፤ ፈረቃ ነው፣ ቀንና ሌት።
አንዱ ቀልጦ ይወጣል፣ ሌላው ደንዝዞ ይገባል፤
እንደ እኔና እንደ ፈረደ፣ ጥበቃው በር ላይ፣
አንዱ አንዱን ይተካል።
ከላይ ማራገቢያ ሰቀልሁ፣ ውሃው ላይ እፍ እፍ እንዲል፤
ጎኑን እርጥብ ጨርቅ አለበስሁት፣ ላቡ ሙቀቱን እንዲጥል።
ይህን ከእንስራ ነው የተማርሁት፤
የሸጠልን ሰውዬ አያውቀውም።

ማታ ማታ ኖጋ ትደውላለች፦ «ስንት ሆነ?»
እንዴት ዋልህ የለ፣ እንዴት አመሸህ የለ።
«አሥራ ስምንት ነው» እላታለሁ።
(አሥራ ዘጠኝ ተኩል ነው።)
«አንቺስ?» ስላት ትስቃለች፤
«እኔማ ጎላን ላይ ነኝ፣ ሌሊቱ ብርድ ነው።»

ደግሞ ነግራኛለች፤ ይህ ፍጡር አያድግም አሉ፤
እግሩ ቢቆረጥ ይበቅላል፣ ጣቱም፣ ጅራቱም፣ ሁሉ።
ስሙን አያድጌ አልሁት፤ ሳስበው ግን አሳቀኝ፤
ሠላሳ ዓመት እዚህ ኖሬ፣ በዕብራይስጥ ገና ልጅ ነኝ፤
ባንክ ቤት ኖጋ ነበረች፣
ገና በሰባት ዓመቷ፣ ቆማ የምትናገርልኝ።

ያን ሐሙስ ሌሊት፣ ከተማው ሁሉ ማቀዝቀዣ ከፍቶ ሳለ፣
መብራት ድርግም።
ማራገቢያው ሁለት ዞሮ፣ ጭጭ አለ።
ሃያ።
ሃያ አንድ።
ሃያ ሁለት።
በባትሪ አበራሁበት፤ ላባው ወደ ፊት ታጥፏል።
መጣብኝ ያ ትኩሳቷ፤ ሦስት ዓመቷ ነበር፣
ፎጣ ነክሬ፣ ጨምቄ፣ ነክሬ፣ ጨምቄ፣
እስኪነጋ ግንባሯ ሥር።
ቴርሞሜትር ማንበብ ያኔ ቻልሁ፣
ፊደላቸውን ሳላውቅ በፊት።

ከፎቅ ፎርቱና ወረደች፣ ሻማ ይዛ፣ በነጠላ ጫማ፣
ከፍሪዘሯ ያወጣችውን ድንጋይ የሆነ ከረጢት ተሸክማ፤
«ይኸው፣ የኔም ሊቀልጥ ነው፤ ከሚበላሽ እሱን ይርዳማ።»
በሻማው አነበብሁት፤ የዓሣ ሥጋ ነው፣ በላስቲክ የታነቀ፤
«የአባይ ልዕልት» ይላል ስሙ።
ሆዴ ምን እንዳለ ማን ዐወቀ።
አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል ሲሉ፣
በረዶ ሆኖ ፎርቱና ቤት ያድራል ግን አላሉ።

ውሃው ላይ ቀስ አድርጌ አንሳፈፍሁት፣ እንደ ታንኳ።
አያድጌ ከሥሩ ገባ፤ ዛፍ ጥላ ያገኘ ይመስል፣ እዚያው ቆመ።
ሁለት ወንበር አመጣሁ።
«አሥራ ስምንት እኮ» አለች ፎርቱና፣
«በፊደል ሲጻፍ ሕያው ማለት ነው።»
እኔ ቁጥሩን ነበር የማየው።
ሃያ አንድ ተኩል።
ሃያ አንድ።
ሻማው አለቀ፤ እሷም ወንበሩ ላይ አንኮራፋች።

ሲነጋ መብራት መጣ። ስልኩ ጮኸ።
«ስንት ሆነ?»
«አሥራ ዘጠኝ» አልኋት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እውነቱን።
ዝም አለች።
ከዚያ፦ «አንተስ፣ አባዬ?»

ዓርብ ማታ ፎርቱና ሳህን ላከችልኝ፤
ያችው የአባይ ልዕልት፣ በሽምብራና በቀይ ቃሪያ፣
እሳት የሆነች።
ጥርግ አድርጌ በላሁ፣
ጀርባዬን ለገንዳው ሰጥቼ።