ከካርቶኑ ጀርባ

ደብረ ብርሃን ማታ፣ ባህል አዳራሽ ውስጥ፣
ከኋለኛው ወንበር፣ እርሳስ ሲገላበጥ፣
አየዋለሁ ሁሌ።
የፋብሪካው ሰው ነው፤ የብርድ ልብስ ቆጣሪ፣
ወረቀቱ ካርቶን፣ ከማሸጊያ ቀሪ።
እንግዳወርቅ ይባላል።

እኔ መድረኩ ላይ፣ ከበሮው ሲጣራ፣
ትከሻዬ ሄደ፣ አንገቴን ሳይጠራ።
ግራ እግሬ ከዳኝ፤ አንዲት ምት አጥፍቼ፣
ሳቄን አስቀደምኩ፣ ነጠላ ዘርግቼ።
ሕዝቡ ጨበጨበ፤ መሳቴን ማን አይቶ!

ኋላ ከበሩ ላይ፣ ካርቶኑን አውጥቶ፦
ፊት የለኝ፣ ጌጥ የለኝ፤ ነጠላም አልሳለ፣
አየር ላይ ግራ እግሬ፣ ወደቅኩኝ እያለ።

«አጥፋልኝ» አልኩት።
«ላጲስ የለኝም» አለ፣ እጁን በትንፋሹ እያሞቀ።

ቤት ገብቼ ገለበጥኩት፤ የፋብሪካው ማኅተም፦
«ግራጫ። ለሁለት ሰው።»