የርግብ ዐይን

ቢቶም ላይ ጥር ነው፤ በረዶው ጠቁሯል፣
የከሰሉ ጉድጓድ ከተዘጋ ቆይቷል፣
አቧራው ግን ዛሬም ቤት ለቤት ይዞራል።

አያቴ አሎይዚ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት
ምድር ሆድ ውስጥ ገብቶ ከሰል የፈለጠበት
ጡረታው ሁለት ነው፦
ጥቂት ዝሎቲና ደረቱ ውስጥ ፉጨት።

እኔ ያለኝ ደግሞ አሮጌ ኮምፒውተር፣
ከጎረቤት ልጅ ከዳሚያን የገዛሁት በብድር።
ጌሙ ውስጥ ጫካ አለ፣ ወንዝ አለ፣ ድልድይ፤
ጭጋጉ ሲወርድ ውሃው ላይ
ፈረሴ ድልድዩን ልሻገር ሲል፣
አንድ እግሩን ያነሣል፣
አየር ላይ ይረሳዋል፣
ቀጥሎ ሦስቱን እርምጃ ባንዴ ይዘላል።
በስክሪኑ ጥግ ላይ ያቺ ትንሽ ቁጥር
ከስድሳ ተነሥታ
ዐሥራ ዘጠኝ ትገባለች፣ እንደ ሌሊት ቴርሞሜትር።

አያቴ ከኋላ፣ የታመመች ርግብ ብብቱ ሥር ይዞ
(ሰገነት ላይ ሠላሳ አሉት)
"ይሄን ፈረስ ምን ያንቀዋል?" አለ ተክዞ።
"ፈረስ የለም" አልኩት። "የሚሮጥም የለም።
ሥዕል ነው፤ ካርዱ ነው የሚደክም፤
ቅጠሉን፣ ጥላውን፣ ውሃ ላይ የወደቀውን ሰማይ
ከባዶ ይሥላል፤ ያሳያል፤ ይደመስሳል፤
ደግሞ ከባዶ።
በሴኮንድ ስድሳ ከሆነለት ዐይን አምኖ ያያል፤
ካልሆነለት ስፌቱ ይታያል።"

"ይቺስ?" አለኝ፣ ርግቧን ወደ ስክሪኑ አዙሮ።
"የሷ ዐይን ከኛ ይፈጥናል፤
ለኛ የሚፈሰው ለሷ ይንጠባጠባል።"
ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ።
"እንግዲያ ይሄን ሁሉ ዘመን ርግብ ሳረባ
አንዲቷንም አላታለልኩም በይኛ!"

ጥገናውን የጀመርኩት በሽያጭ ነው።
መጀመሪያ ጥላን፤ ከላይኛው እርከን ታች ሳወርደው
ዛፎቹ ከመሬት ተላቀው ተንሳፈፉ።
ቀጥሎ የሩቁን ሣር። ቀጥሎ የውሃውን መስታወትነት፤
ለአንድ ሙሉ ሰማይ ስድስት ፍሬም ከፈሉኝ።
ሥዕሉን አሳነስኩት፤ ዓለም ጉም የያዘው መነጽር ሆነ፤
ድልድዩ ጋ ግን ያው፣ ፈረሱ ታነቀ።

"ቁጥሩን ተይው፣ ኪንጋ" አለ አያቴ። "ስሚው።"
ጆሮውን ከሣጥኑ ጎን ለጠፈው።
"ሲጀምር ደኅና ነው፤ ሩብ ሰዓት ሲሠራ ነው የሚጮኸው።
ስንፍና አይደለም። ይሄን በሽታ እኔ ነኝ የማውቀው።"

ብሎኑን ፈታን።
ማራገቢያው ክንፍ ላይ እንደ ፍልፈል ቆዳ የወፈረ ጥቁር፤
መኻሉ ላይ አንዲት ነጭ ላባ፣
የጥፋተኛ ፊርማ።
አያቴ አየና ወደ ጣራው ቀና አለ፣ ምንም ሳይናገር።

በረንዳ ላይ፣ ከዜሮ በታች ስምንት፣
የርግብ ቤት በሚጠርግበት ብሩሽ ጠረገለት፤
"ትንፋሽሽን ያዢ" አለኝ፣ የራሱን ሳይዝ።
እንደ ኖራ የደረቀውን ቅባት ፍቄ
የምስር ፍሬ የምታህል አዲስ ጣልኩበት።

ማታ ድልድዩ ላይ ዘጠና! ቀጥሎ ስድሳ ሦስት፣
ደግሞ ሰማንያ ስምንት።
"ለምን ያብዳል? እሰሪው" አለ።
"ጉድጓድ ውስጥ የሚሮጥ ሰው
ምሳ ሳይደርስ ነው በቃሬዛ የምናወጣው።
የሚበጀው ብዛት አይደለም፤ ልክ ነው።"
ስድሳ ላይ አሰርኩት። በተረፈው ጉልበት
ጥላቸውን መለስኩላቸው ለዛፎቹ፤ ቆሙበት።
ፈረሱ ተሻገረ፣ ኮቴው ሳይሳሳት።

አሁን ሌሊት ነው። ማሽኑ ጠፍቷል።
ካጠገቤ አልጋ ፉጨቷ ትሄዳለች፣ ትመጣለች።
እቆጥራለሁ፦ አንድ። አንድ። አንድ።
ከዚያ አንዷ ትዘገያለች።
ካርቶኑ ውስጥ ርግቧ ዐይኗን ገልጣለች፤
በሁለቱ ትንፋሽ መኻል ያለውን፣
እኔ ጨለማ የምለውን፣
እሷ ምናልባት ታየዋለች።