ያልተነሳ ጣት

ደብዳቤዋ አጭር ናት፣ ሁለት መስመር ጽሑፍ፣
ከኮትካ ወደብ ነው፣ ከትኬት ቤቱ ደጃፍ፦
«ቁልፉን ከለቀቅሁት ሰዓት ያህል ሆኗል፤
እሱ ግን እስካሁን ጨምድዶ ይዞኛል።»

ሂልካ ትባላለች፤ ሠላሳ ሁለት ክረምት
ትኬት ስትቆርጥ ኖራለች ለባለ ደሴት።
ማጋነን አታውቅም፤ «ያዘኝ» ካለች፣ ያዘ፤
አንድ የእኔ መስመር ነው ጣጣውን የመዘዘ።

እኔ ደግሞ ቱይሬ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
በአንደኛው መስኮቴ የረጋ ባሕር ሳይ፣
በሌላው መስኮቴ ሌላ ሰልፍ አለ፣
ጠቅታ ጠቅታውን እየተከተለ።
በሰልፉ ራስ ላይ እንቅልፍ የማያውቅ
አንድ በረኛ አለ፣ ከስፍራው የማይርቅ፤
«ቀጣይ! ማነህ ቀጣይ?» ሲል ውሎ ሲል ያድራል፣
የመጣውን ሁሉ ለባለቤቱ ይመራል።
ማውስ ስንዝር ቢሄድ መቶ ጊዜ ያወራል፤
ቁልፍ ግን ቁጥብ ነው፣ ሁለት ቃል ይናገራል፦
አንዱ «ተጫኑኝ» ነው፣ ሌላው «ለቀቁኝ» ነው፤
በሁለቱ መሃል ነው ሰው የሚኖረው።

«አንዴ ጻፊና ተይው» ነበር የማዕቀፉ ቃል፤
ሦስት ቤት ሲገባ ግን ሦስት ጠባይ ያወጣል።
በዊንዶውስ ሞከርኩት፤ ቁልፉ ወርዶ ወጣ።
በማክም ሞከርኩት፤ ምንም እንከን ታጣ።
ቀረ የሂልካ ቤት፣ ሊኑክስ፣ ያረጀ፣
በፕላስተር ታስሮ ዓመታት የፈጀ።
ኦኒ ከጎኔ ሆኖ ጥቁር ዳቦ እያኘከ
«ኪቦርዱ ነው» አለኝ፣ አዲስ ገዝቶ ላከ።
ሁለት ቀን አለፈ፤
ሂልካም መለሰች፦ «አዲሱም ለከፈ።»

ኮቴን ደርቤ ወረድኩ፤ ሃያ ደቂቃ በእግር፣
በተጠረገ በረዶ፣ በአሸዋና በጠጠር።
ከጀርባዋ ቆሜ ጣቷን አየሁ፣ ጣቷን፤
አላይም ነበረ የምጽፍላትን።

ቀኝ ቀስቱን ተጫነች፤ ቀን ቀንን ገለጠ፤
ከበረዶ ሰባሪው መልእክት አፈጠጠ፣
አዲስ መስኮት ሆኖ ከፊቷ ተገተረ፣
የእኔን መስኮት ትኩረት ነጥቆ አሻገረ።
ጣቷ ያን ጊዜ ተነሳ።
«ለቀቁኝ» የሚለው ቃል ለእንግዳው ደረሰ፤
እንግዳው ምን ገዶት፣ እንደ ውሃ አፈሰሰ።
የእኔ መስኮት ከኋላ፣ ያንን ቃል ሲጠብቅ፣
ጣቷ ገና አለ ብሎ፣ ቀን ሲመነጭቅ፣
ሚያዝያ፣ ግንቦት፣ ሰኔ፣ ሐምሌ እየከነፈ…
«አየሽ?» አለች ሂልካ፣ «ጡረታዬን አለፈ።»
መቶ ዓመት ቀደመን፤ ላልተወለደ ሰው
ባልተሠራ ጀልባ ወንበር ሊቆርጥለት ነው።

ሰዓት ቆጣሪዋን ያኖርኳት እኔ ነኝ፣ ባለፈው መከር፤
«እስኪለቁሽ ገልብጪ» ብዬ፣ «ቃሉ ይመጣል» ብዬ፣ ሳልጠራጠር።

እዚያው ከጎኗ ሆኜ፣ ላፕቶፔ ጉልበቴ ላይ፣
አራት መስመር ጻፍኩ፤ የመጨረሻዋ ስትታይ፦
«ትኩረት የተነጠቅሽ ጊዜ፣ ቃል አትጠብቂ፤
የያዝሽውን ሁሉ፣ ሳይነግሩሽ ልቀቂ።»

ደግመን ሞከርነው። ተጫነች። መልእክቱ ብቅ አለ።
ጣቷ ተነሳ።
ቀኑም ቆመ፤ ሐሙስ፣ መጋቢት ሃያ ሁለት።
ሂልካ ቀኑን አየችው፤ ምንም አላለችም።

የእውነቱ መስኮት ተንኳኳ፤ ቦት ጫማ ያጠለቀ፣
ውሻውን የታቀፈ፣ ጢሙን በረዶ ያደረቀ።
«ቀጣይ!» አለች ሂልካ፤
ከእሱ ሌላ ማንም የለም።