የዳቦው ትልቁ ግማሽ

ኤቫሪስቶ አለቃ ሳይሆን፣ በማቶዚንዮሽ ወደብ ላይ፣
ከጎኔ ቆሞ ሰርዲን ሲያሽግ፣ ጭንቅላት ቆርጦ ሲለይ፣
ምሳ ሰዓት ዳቦ ይቆርሳል፤
ትልቁን ግማሽ ለኔ ገፍቶ፣ ትንሹን ራሱ ይጎርሳል።
ያኔ ማወቅ ነበረብኝ፤
ቁልፍ ሳይይዝ ገና ድሮ፣ በጣቱ አመሉን ነገረኝ።

ዴኦሊንዳ ግን ሌላ ናት፣ የሌሊቱ ፈረቃ መሪ፤
ብድር በምድር ባይ ሴት፣ ውለታ ቆጣሪ።
ማሽኑ የተሰበረ ማታ ማን አመሸ? ማን ሄደ?
ማን ቢላዋ አዋሰ? ማን ዝም ብሎ ነጎደ?
አትረሳም።
የረዳት መስኮቱ ጋ ይቆማል፣ ንፋስ ባለበት፤
ያልረዳት ከእንፋሎቱ ጋር፣ ከማብሰያው ጋን ፊት።

ጥር ላይ ባሕሩ ነጠፈ። መረቡ ባዶውን መጣ።
ባለቤቱ ሴኞር ታዴዉ ወረቀት ይዞ ከቢሮው ወጣ፤
«ከየፈረቃው ስድስት ይሂዱ፤ ስም ጻፉልኝ» አለ።
ሁለቱም እስክሪብቶ አነሱ። ጣሪያው ላይ ዝናቡ ቀጠለ።

ኤቫሪስቶ ስም አልጻፈም። የሁሉንም ሰዓት ሸረፈ፤
ከራሱም ደመወዝ ጭምር እኩል አድርጎ ገፈፈ።
ደስ አለን። ለሁለት ሳምንት። ከዚያ ደስታው መነመነ።
ሦስት ልጅ ያላት ኦዴቴ፣ እጇ ከሁላችን የፈጠነ፣
«እኩል መሆን ኪራይ አይከፍልም» ብላ ሽርጧን ሰቀለች፤
ማንንም ሳትሰናበት ወደ ቪጎ ተሻገረች።

ዴኦሊንዳ ስድስት ጻፈች። ሁሉም አዲስ፣ ሁሉም ልጆች፤
ውለታ ለመዋል እንኳን ገና ቀን ያላገኙ እጆች።
«ምን አደረጉልኝ?» አለች። እውነቷን ነው፤ ምንም።
ግን በበሩ ሲያልፉ ዓይኗን ከወለሉ አላነሳችም።

ዘንድሮ ቁልፉ የኔ ሆነ። ኤቫሪስቶ ጡረታ ወጣ፤
የበዓል ጉርሻ ተጠቅልሎ ከባለቤቱ እጅ መጣ፤
«አንቺው ታውቂያለሽ» ተባልኩ።
ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼ፣ እንደሱ እኩል ላድርግ አልኩ፤
እንደሷም ወደ ኋላ ሄጄ፣ ጓንት ያዋሰኝን ቆጠርኩ።
አልሆነልኝም።
እጄን አየሁት በመብራቱ፣ ሳያማክረኝ ሲሠራ፤
የማን ክምር ከኔ ይበልጣል ብሎ ሲለካ በተራ።

ለካ የኔ አመል ይሄ ኖሯል።

መብራቱን አጠፋሁት።
ፖስታዎቹን በጨለማ፣ በዳሰሳ ሞላኋቸው፤
ለማን ምን እንደደረሰው፣ ጠዋት ሰማሁ ከአፋቸው።