ከአጎዛው ሥር

ዳንግላ ላይ ክረምት፣ ሐምሌ ሲጋመስ፣
ሰማዩ ሌሊቱን ቆርቆሮ ሲደቁስ፣
ማናህሎሽ ተነሣች ጥላ አልጋዋን፤
እንቅልፍ ይራመዳል ተውሶ እግሯን።
አምስት ዓመቷ ነው።
ሽንት ቤቱ ከጓሮ፣ ከኮባው ባሻገር፣
መሐሉ ላይ ጉድጓድ፣ የውሃችን በር፣
ስምንት ክንድ ጥልቁ፣ አፉ እኩል ካፈር።

«ባልዲው ለምን ጮኸ?» አለችኝ ፈንታነሽ።
«ነፋስ ነው» አልኋት፤ «ነፋስ ነው፣ ተኚ ባክሽ።»
ነፋስ አልነበረም።
ልጃችን ተቀምጣ ከጉድጓዱ ከንፈር፣
ዐይኗ እንደ ተከደነ፣ እግሯን ሰዳ ወደ ሥር፣
አገኘናት፤ ዝናቡ ከጉንጯ ይንጠባጠብ ነበር።

ጎህ ሲቀድ ከደንሁት በብረት፣ በሚስማር፤
ድንጋይም ጨመርሁበት ሁለት ሰው የማይነቀንቀው።
ጉድጓዱስ ተከደነ፤
የጨለማውን አፍ ግን በምን ልክደነው?

«በሩን ቆልፍባት» አለኝ ጎረቤቴ አንማው።
ቆለፍሁ። ሌሊት በጥፍሯ ሳንቃውን ስትፍቀው
ሰማሁና፣ ጠዋት እርጥብ አንሶላዋን ከኛ ስትደብቀው
አየሁና፣
ቁልፉን ነቅዬ ጣልሁት፤ ቁልፍስ ለሌባ ነው።

ሱቄ ትንሽ ናት፣ ከመናኸሪያው ጀርባ፤
ሬዲዮ ይታመምባታል፣ ስልክ ይድንባታል፣ ሽቦ ሲወጣ ሲገባ።
ከዚያው ለቃቀምሁ፦ የባጃጅ ባትሪ፣ መብራት ኃይል ቢከዳ የማይከዳ፤
ከተሰበረ ማንቂያ ደወል አንዲት ዐይን፣ የደንበኛ ዕዳ፤
አራት አምፖል፣ ባቄላ ባቄላ የሚያካክል።

የመጀመሪያው ሌሊት፦
ድመት አለፈች፣ በራ። እንቁራሪት ዘለለ፣ በራ።
የአንማው አውራ ዶሮ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት «ነጋ» ብሎ ተጣራ፤
የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ተቀባበለው በተራ፤
ቄስ ይኄይስም ለኪዳን ተነሡ ይባላል፤ እኔ አላየሁም፣ የሐሜት ሥራ።

ዐይኗን ነቀልሁና ሌላ መላ መታሁ፤
ከአልጋዋ ግርጌ ያለውን አጎዛ ገለጥሁ፣
ሁለት ቆርቆሮ፣ መሐሉ ስስ ስፖንጅ፣ ከሥሩ አነጠፍሁ።
የልጅ እግር ሲያርፍበት ቆርቆሮ ከቆርቆሮ ይሳሳማል፤
አንደኛው አምፖል፣ እንቅልፏን እንዳያባርር፣ ቀላ ብሎ ይነቃል፤
ከዚያ የበሩ፣ ከዚያ የደረጃው፣ ከዚያ ከኮባው ሥር ያለው፣
አንዱ ለአንዱ «መጣችልህ» እንደሚለው።

ማናህሎሽም ለመደቻቸው፤ «ደኅና እደሩ» ትላለች
አራቱንም በየስማቸው፤ የኮባውን ስም ለኔም አልነገረች።

ነሐሴ አለፈ፣ መስከረም ጠባ። አንድ ነገር ግን ግራ ገባኝ፦
ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ቀዩ ይበራል፤
ልጄ ተኝታ፣ መብራቱ ብቻውን ይነቃል።
ሽቦ ተነካክቶ ይሆናል፣ እርጥበት ይሆናል ብዬ
ሁለቴ ፈታሁት፣ ሁለቴ ገጠምሁት፤ ጤነኛ ነው ዕቃዬ።
በሦስተኛው ሌሊት አደፈጥሁ።
ፈንታነሽ ናት።
በቀዩ ብርሃን ቆማ የልጇን ትንፋሽ ትቆጥራለች፣
አምፖሎቹን ተከትላ ጓሮ ትወጣለች፣
የጉድጓዱን ድንጋይ በመዳፏ ገፋ ታደርጋለች፤
አይነቃነቅም፤
ትመለሳለች።

አልነገርኋትም። በየት በኩል፣ በምን ወኔ?
«ባልዲው ጮኸ» ያለች እሷ፣ «ነፋስ ነው» ያልሁ እኔ።
የደረጃውን አምፖል ብቻ አንድ ስንዝር ከፍ አድርጌ ሰቀልሁት፣
ከልጅ ጉልበት አንሥቼ ለትልቅ ሰው እግር አስተካከልሁት።

ትናንት ማታ መብራት ኃይል የለም፤ ዝናብ የለም፤ አገሩ ጭጭ ያለ ነው።
እኔም ተነሣሁ። አጎዛውን ተራመድሁት እንዳልረግጠው፣
በዳበሳ ግንባሯን፣ ሙቀቷን፣ የብርድ ልብሷን ጫፍ...
«አባዬ፣ ለምን በጨለማ ትሄዳለህ?» አለችኝ ሳትገልጥ ዐይኗን፤
«እርገጠው እንጂ።»